አማቴ ያወጡልኝ ስም

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከቤተሰቤ የአንድም ሰው ስም አልጠራም። ስለ ስም እየጻፉ ስም አለመጥራት ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የማወራው ስለ ሁለት ስሞች ነው። አንደኛው የራሴ ነው፤ ሁለተኛው የማን እንደሆነ ግን ለዓመታት ስንከራከርበት ኖረናል። ዛሬም ስሙን ባነሳው ከባሌ ወንድሞች አንዱ ተነስቶ አዲስ ክርክር ይከፍትብኛል። ስለዚህ ትርጉማቸውን እናገራለሁ፣ ስሞቹን ግን እተዋቸዋለሁ።

የእኔን ያወጣው አባቴ ነው። ሞጣ ውስጥ በአንዲት ቁራጭ የጓሮ መሬት ሰበብ ከጎረቤቱ ጋር ሲካሰስ ኖሮ፣ ተፈርዶለት ከፍርድ ቤት ሲመለስ እናቴ እኔን ወልዳ ጠበቀችው። ገና ደጃፉ ላይ እንደቆመ ስም አወጣልኝ፤ ያውም ጎረቤትየው በአጥር በኩል እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ትርጉሙ እውነቱ ወጣ እንደ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ከደጅ በጠራችኝ ቁጥር ያ ሰውዬ ፊቱን ያዞር ነበር። በእኛ አገር ስም ለልጁ ብቻ አይወጣም፤ ለጎረቤት፣ ለባላጋራ፣ ለሞተ ዘመድ፣ አንዳንዴም ለመንግሥት የሚላክ መልእክት ነው። የእኔ ለባላጋራ የተላከ ነበር። ጠባይሽም ከስምሽ ነው ይሉኛል፤ አልክድም።

ቢቸና የገባሁት መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነው። ከሞጣ ያሳፈረን አውቶቡስ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማው ፈንድቶ ግማሽ ቀን አስቀመጠንና አቧራ ለብሼ ደረስኩ። ከተማዋ ከሞጣ ብዙም አትለይም፤ ያው እህልና ከብት የሚሸጥባት፣ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ነች። በሳምንቱ የት እንደምኖር፣ የማን ልጅ እንደሆንኩና አለማግባቴን የማያውቅ አልነበረም።

ከማስተምረው ሁሉ የምወደው የቃላት እርባታ ነበር። በሰዋስው ከቃል ኋላ የሚለጠፈውን ቁራጭ ባዕድ መድረሻ ይሉታል። ተማሪዎቼ ግን ጭራ ነበር የሚሉት፤ እኔም ጭራ እያልኩ ማስተማር ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ኬር የሚለውን ቃል እጽፋለሁ። ጥንቃቄ ነው። ፉል የምትል ጭራ ሲቀጠልበት ጥንቁቅ ይሆናል፣ ለስ ሲቀጠልበት ዝርክርክ ይሆናል። ቲች ላይ ኧር ሲጨመርበት እኔ እሆናለሁ። ከእነዚህ ጭራዎች አንዳንዶቹ ድሮ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ቃላት እንደነበሩ ስነግራቸው ይገርማቸው ነበር። ልጅነት በሚለው ቃል፣ ቻይልድሁድ ላይ ያለው ሁድ በጥንቱ እንግሊዝኛ ማዕረግ ወይም ሁኔታ ማለት ነበር። ፉል ሙሉ ማለት ነው፤ ሲለጠፍ አንድ ፊደል ጣለ። ለስ ደግሞ እንደሚመስለው ማነስ ማለት አይደለም፣ የሌለው ማለት ነው። ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ቃላት ሌላ ቃል ተጠግተው ከረሙና በኋላ ብቻቸውን መቆም ተሳናቸው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገባቸው ወደ ራሳቸው ስም እወስዳቸዋለሁ። የኔሰው፣ ጌታሰው፣ ሙሉሰው፤ ጭራው የቱ ነው? ብርነሽ፣ ወርቅነሽ፣ አያልነሽ፤ እዚህስ? ከዚያ የቤት ሥራ እሰጣለሁ፤ ስማችሁን ማን አወጣው? ለምን? ብላችሁ ጠይቃችሁ ኑ እላለሁ። የሚያመጡት መልስ ከመጽሐፉ ይበልጥብኝ ነበር። ካሳ የተባለው ከእሱ በፊት የሞተ ወንድም ነበረው፤ ምትኩም ማስረሻም እንደዚያው። ስንሻው የተባለው ሴት በሴት ሆኖ በቆየ ቤት የመጣ የመጀመሪያው ወንድ ነው። አብዮት የተባለውን ልጅ አባቱ መንግሥት ሲለወጥ ስሙን ሊለውጡት አስበው እናቱ አፌ ለምዷል ብላ እምቢ አለች። አንዳርጌ የተባለው ደግሞ ተነስቶ እናትና አባቱ ሊፋቱ ሲሉ እሱ ተወልዶ እንዳስታረቃቸው ነገረን። ጎበዝ ስለው፣ "አሁን ግን ተፋትተዋል ቲቸር" አለና ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው።

አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ "የናቴንም ስም ልጠይቅ ብል፣ እናቴ ሁለት ስም ነው ያላት፤ ያባቷ ቤትና የባሏ ቤት። የቱን ልጠይቃት?" አለችኝ። ከክፍሉ ማንም አልገረመውም፤ የብዙዎቹ እናት እንደዚያ ነበረች። የወደድሽውን ብያት አለፍኩ።

በሁለተኛው ዓመት አገባሁ። ባሌ የቢቸና ልጅ ነው፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራ ነበር። ሽማግሌ ሞጣ ድረስ ላከ፣ አባቴም እንደ ልማዱ ጥቂት ተከራክሮ ሰጠኝ። እናቱ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ፣ በገበያ ቀን ጤፍና ሽምብራ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። የወለዱት ሁሉ ወንድ ነው። የመጀመሪያዋ ምራታቸው እኔ ነኝ።

ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ወጉን አውቀዋለሁ፤ የእናቴንም ስም ያወጣችላት የአባቴ እናት ነች። ግን ዲፕሎማ ያላትን ሙሽራ የሚነካ አልመሰለኝም ነበር። አማቴ መጥተው ፊቴ ቆሙ። የራስ መሸፈኛዬን ከግንባሬ ላይ ገለጥ አድርገው ቆየት ብለው አዩኝ። ከዚያ ስሙን አሉት። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ እንደገና ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። እልልታው ቀለጠ።

"ስም አለኝ እኮ እማማ" አልኩ በእልልታው መሀል። ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም።

እሳቸው ግን ሰምተውኛል። ጎንበስ አሉና፣ "አውቃለሁ። ይሄም ይኑርሽ" አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ፤ ጉልበት መሳምም ወግ ነው።

ስሙ ክፉ አልነበረም። በነሽ የሚያልቅ፣ የወገን መመኪያ ነሽ እንደ ማለት ያለ ስም ነው። ግን ያረጀ ነበር። ካስተማርኳቸው ሴቶች መካከል አንዲትም በዚያ ስም የምትጠራ አልነበረችም፤ የአያቶች ስም ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ክፍል ውስጥ ባዕድ መድረሻ በተነሳ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይመላለስብኝ ነበር። በሰዋስው ባዕዱ መጥቶ ቤቱን ይለውጠዋል። በእኛ አገር ግን ባዕዷ ስትመጣ ቤቱ እሷን ይለውጣታል። ይህን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም፤ ለባሌ ነግሬው "ተይው፣ ስም ምን ያደርግሻል" አለኝ። ምን እንደሚያደርገኝ ለማስረዳት ሞከርኩ። የተማርኩት አባቴ ባወጣልኝ ስም ነው፣ ደመወዝ የምፈርመው በእሱ ነው፣ አባቴ ያን ሙግት ያሸነፈው ለዚህ ነው አልኩት። የኋለኛውን እኔም ስናገረው አላሳመነኝም።

አቤት ላለማለት ወሰንኩ። የወሰንኩት ያን ብቻ ነው። ሥራ እምቢ አልልም፣ መልስ አልመልስም፣ ፊቴን አላጠቁርም። አማቴ በዚያ ስም ሲጠሩኝ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። ጥቂት ቆይቼ በራሴ ጊዜ የመጣሁ መስዬ ብቅ እልና፣ "ፈለጉኝ እንዴ እማማ?" እላቸዋለሁ። እሳቸውም እንዳልጠሩኝ ሆነው የሚፈልጉትን ይነግሩኛል። ባሌ ሁለታችንንም ላለማስቀየም "ስሚ" እያለ መጥራት ጀመረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ "ስሚ" ነኝ።

ለየብቻ ጎጆ ብንወጣም ግቢው አንድ ነበር፤ ድምፃቸው ደግሞ ለዝምተኛ ሰው ድምፅ ጠንካራ ነው። ጠዋት ማታ ከደጃቸው ሲጠሩኝ ሰፈሩ ለመደው። ጎረቤቱ፣ ጎመን የምትሸጥልኝ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሁሉ በዚያ ስም ያውቀኛል። ከትምህርት ቤቱ በር ወዲያ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ከበሩ ወዲህ የአማቴ ምራት ነኝ። ሰዎቹን ማረም ጀምሬ ሰለቸኝና ተውኩት፤ አቤት ግን አላልኳቸውም። ኩሩ ነች ይሉኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ኩራት አልነበረም። አንድ ቀን አቤት ካልኩ አባቴ ደጃፉ ላይ ያወጣልኝ ስም እዚያው የሚያልቅለት ይመስለኝ ነበር።

ሴት ልጄን ስወልድ ስሟን ያወጣሁት ገና ጤና ጣቢያ እያለሁ ነው። የዘመኑ ስም ነው፣ አጭር። አማቴ ገንፎ ይዘው መጡና ሕፃኗን ታቅፈው፣ "ስም ወጣላት?" አሉኝ።

"አዎ፣ ወጥቶላታል" አልኩና ነገርኳቸው።

አንድ ጊዜ ደገሙት፤ አፋቸው ላይ ትንሽ ተደናቀፈ። "ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ ገንፎው እስኪቀዘቅዝ ሕፃኗን እያዩ ተቀመጡ። ቀደምኳቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የባሌ አባት የሞቱት ልጄ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ነው። ከቀብሩ በኋላ ሰው እየመጣ ልቅሶ ሲደርስ፣ ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። አማቴ ከወደ ጥጉ የቤቱን ግድግዳ ተደግፈዋል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከደጅ ታዩ። ማን እንደሆኑ አላወቅኋቸውም። የግቢው በር ላይ ዱላቸውን ጣሉና እያለቀሱ ያን ስም ጠሩት።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ቢቸና ያለው ሰው አልበቃ ብሎ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሽማግሌ በልቅሶ ቤት በዚህ ስም ይጠራኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌው እንደገና ጠሩ፣ አሁን ድምፃቸው ተሰብሮ። አጠገቤ የተቀመጠችው የማዕዘኑ ቤት ጎረቤታችን በክርኗ ጎሰመችኝና፣ "አቤት በያቸው እንጂ፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አለችኝ። ጥርሴን ነከስኩ።

"አቤት" የሚል ድምፅ ከጥጉ መጣ። "አቤት ወንድሜ።"

የአማቴ ድምፅ አልመሰለኝም፤ ቀጠን ያለ፣ የችኮላ ድምፅ ነበር። ተነሱ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና በሴቶቹ መሀል እየተራመዱ ወጡ። ሽማግሌው ስሙን እየደጋገሙ አቀፏቸው፤ እሳቸውም በየጥሪው አቤት እያሉ አለቀሱ። ባሌ ከወንዶቹ መሀል ቆሞ እንደ እንግዳ ያያቸዋል።

ሽማግሌው የአማቴ ወንድም ነበሩ። አማቴ የተወለዱት ወደ ሸበል በረንታ፣ ከአባይ አፋፍ ነው። ወንድምየው ከባሌ አባት ጋር በበቅሎ ተጣልተው ነበር። የባሌ አባት ተውሰዋት ሄደው አንካሳ አድርገው መለሷት፤ አንዱ ከመንገዱ ነው ይላል፣ ሌላው ከጭነቱ ነው ይላል። በዚያው እንደተኳረፉ ያን ግቢ ሳይረግጡ አረጁ። ባሌ አጎቱን ያየው በልጅነቱ ነው፤ ለእሱ ደግሞ እናቱ እማ ነች፣ ለጎረቤቱም የባሏ ቤት ስም ያላት ሴት ናት። ሌላ ስም ይኖራት ይሆን ብሎ አልጠየቀም። ስንቱን ተማሪ ስምህን ማን አወጣው እያልኩ የማስጨንቅ እኔም አልጠየቅሁም።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አንድ ቅዳሜ አብረን ሽምብራ ስንለቅም ጠየቅኋቸው።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ?" አሉ ከሰፌዱ ላይ ቀና ሳይሉ። "ስሜ ነው ብልሽ ለይሉኝታ ብለሽ አቤት ትዪ ነበር። ይሉኝታሽን ምን ላደርገው ነው?"

ጥቂት ለቀሙ። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃቸው ቀጠሉ።

"እኔ ስዳር ልጅ ነበርኩ። አማቴ ስም አወጡልኝ፤ ሲጠሩኝ ዝም። እንዳንቺ እልህ ይዞኝ መስሎሽ? እኔ መሆኔን አላውቅማ። ሌላ ሰው የሚጠሩ ይመስለኛል። በጥፊ በጥፊ ለመድኩት። አንቺ ዝም ስትዪኝ እጄን አንስቼብሽ አውቃለሁ?"

"ኧረ የለም።"

"ያባቴ ቤት ስሜ እዚያው ቀረ። ሴት ልጅ ብወልድ ለሷ እሰጠው ነበር፤ እግዜር ወንድ በወንድ አደረገኝ። እናቴ ትጠራኝ ነበር፣ ሞተች። ወንድሜ ነበረ፣ በበቅሎ ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሲጠራ የምሰማው አንቺን ስጠራሽ ብቻ ነው።"

አንጀቴን በሉኝ። አለቀስኩ ብል ያምርልኝ ነበር፤ አላለቀስኩም፣ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን ለይቼ መናገር አልችልም፤ በሟቿ አማታቸው ይሁን፣ በበቅሎዋ ይሁን፣ ወይስ ገንፎ ይዘው የመጡ ቀን አንድ ቃል ባለመናገራቸው። በዚያን ቀን ቢነግሩኝ ለልጄ እሰጠው ነበር ወይ? ይህንንም አላውቅም። ሽምብራውን ለቅመን ጨረስን።

በማግስቱ ጠዋት ከደጃቸው ተጠራሁ። በራሴ ስም። አማቴ በሕይወታቸው አባቴ ያወጣልኝን ስም በአፋቸው ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር፤ ቀስ ብለው፣ እንዳይሰበር እንደሚፈሩት ዕቃ ነው ያሉት። "አቤት" አልኩና ሮጬ ወጣሁ። ስንት ዓመት ስታገልለት የኖርኩት ነገር በእጄ ገባ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ምክንያቱም ያኛውን ስም ከዚህ በኋላ በዚያ ግቢ የሚጠራው የለም።

እኔው ልጠራው አሰብኩ። አንድ ሁለት ቀን ብቻዬን አፌን ካለማመድኩት በኋላ፣ በረንዳ ተቀምጠው ሳሉ "እማማ" ብዬ ስማቸውን ከኋላው ቀጠልኩበት። ዝም አሉ። ደገምኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ወደ መንገዱ ያያሉ። እኔ እሳቸው ላይ አደርግ የነበረውን በሙሉ እኔው ላይ አደረጉት፤ ጥቂት ቆይተው፣ "ፈለግሽኝ እንዴ?" አሉኝ፣ በጥርሳቸው ሳቅ ይዘው።

"ስምዎን ነው እኮ የጠራሁት።"

"እሱ ያንቺ ነው። ሰጥቼሽ የለም እንዴ።"

"እኔ መች ተቀበልኩ?"

"እኔም መልሼ አልወስድም።"

እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። እኔ እሰጣለሁ፣ እሳቸው አይቀበሉም። ባሌ በመሀል እየገባ ሊያስታርቀን ሲሞክር ሁለታችንም እሱ ላይ እንዞራለን፤ አለመጣላታችንን ማየት አልቻለም። ስሙ ባለቤት አጥቶ ግቢው ውስጥ ቀረ። ሰፈሩ ግን ከዚህ ሁሉ ነገር የሚያውቀው የለም፤ ያን የልቅሶ ቀንም ሽማግሌው በሐዘን ስም ተሳስተው ነው ብሎ ረስቶታል፤ እንደ ድሮው በዚያ ስም ይጠራኛል፣ እኔም እንደ ድሮው ዝም እላለሁ። ቀድሞ ዝም የምለው ስላልፈለግሁት ነበር፤ አሁን ግን የሰው ንብረት ስለሆነ ነው።

ቢቸና ባጃጅ በበዛበት ጊዜ አማቴ ታመሙ። ሆዳቸውን ነበር የሚያማቸው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወስደናቸው፣ ቤታቸው ይሁኑ ተብለን መለስናቸው። ምን ማለት እንደሆነ አልተሰወረባቸውም። አንድ ቀን ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙኝ።

"ጡሩምባ ነፊው በሱ ይጥራኝ" አሉ።

የቱን ማለታቸው እንደሆነ ልጠይቅ አላስፈለገኝም። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ማለዳ በየመንገዱ እየዞረ የሟችን ስም ይጠራል። ቄስ በፍትሐት የሚያነሳው የክርስትና ስም ሌላ ነው፤ እሱ ለእግዜር ነው። ጡሩምባ ነፊው የሚጠራው አገር የሚያውቀውን ነው።

"አንድ ቀን አገር ይስማው" አሉኝ።

"ከዚያ በኋላስ እማማ?"

"ከዚያ በኋላ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ከዚያ ብዙም አልቆዩ። ያረፉት ወፍ ሲንጫጫ ነው። የባሌ ወንድሞች ከየቤታቸው ተሰብስበው ሳለ አደራውን ነገርኳቸው። ትልቁ ተቆጣ። "በዚህ ስም ማን ያውቃታል? ቀባሪ ልናሳጣት ነው?" አለ። ሌላው፣ በሕመም ላይ የተነገረ ነገር እንደ አደራ አይቆጠርም አለ። ተከራከርኳቸው። አባቴ ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር። እንዲህ ስንባባል ባሌ ተነሳና፣ "እናቴ ያለችው ይሁን" አለ። ከተጋባን ጀምሮ በአማቴና በእኔ ጉዳይ ወገን ሲይዝ የዚያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ጡሩምባ ነፊው ለሰፈሩ አዲስ ሰው ነበር። ስሙን ነገርኩት፣ እንዳይሳሳት ሁለቴ አስደገምኩትና ሄደ።

ማናችንም ያላሰብነው ነገር ነበር። እኔ ስለ እሳቸው ስም ስጨነቅ፣ ወንድማማቾቹ ስለ ቀባሪ ሲጨነቁ፣ ያ ስም በቢቸና የማን እንደሆነ አንዳችንም ትዝ አላለንም። ጡሩምባው ከታችኛው መንገድ ተሰማ። ከባሌ አባት ቤት፣ እትዬ እከሊት አርፈዋል፤ ቀብሩ በስድስት ሰዓት። ወዲያው ከየአቅጣጫው ጩኸት ተነሳ። ትልቅ ሰው ሲሞት እንደዚያ አይጮኽም።

ባሌና ወንድሞቹ ከአስከሬኑ ጋር ውስጥ ነበሩ። እኔ እንስራ አዘንብዬ ለገናዦቹ ውኃ እየቀዳሁ ሳለ በአጥሩ ክፍተት መንገዱን አየሁት። ጎመን የምትሸጥልኝ ሴት ደረቷን እየመታች ትሮጣለች። ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ዱቄቱን ሳያራግፍ ይመጣል። ሁለት ሦስት የተማሪ እናቶች ነጠላቸውን ሳያጣፉ ይከተላሉ። አቤት ብያቸው የማላውቅ ሰዎች ናቸው፤ ኩሩ ነች የሚሉኝ። ሁሉም የእኔን ሞት ያለቅሳሉ። እንስራውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ያች የማዕዘኑ ቤት ጎረቤታችን ነበረች። በድንኳኑ ውስጥ በክርኗ የጎሰመችኝ። ያኔ የአማቴ ወንድም የቆሙበት የግቢው በር ላይ ቆመች፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነችና ስሙን ጠራችው። "ልጅሽን ለማን ጥለሽ" አለች። ወደ ቤቱ ዞር ብዬ አየሁ። ከውስጥ መልስ የለም። ጎረቤቴ ስሙን እንደገና ጠራችው።

"አቤት" አልኩ።